በአሜሪካ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ወይም የፈጣን ምግብ ፍራንቻይዝ መክፈት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዋሽንግተን ዲሲ እና በአቅራቢያው ባሉት የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ከተሞች የምንኖር ኢትዮጵያውያን ንግድ ስናስብ መጀመሪያ የሚታየን የሐበሻ ምግብ ቤት ነው። አሁን አሁን ግን ታኮና ቡሪቶ ለመሸጥ ወይም የታወቀ የፈጣን ምግብ ድርጅት ስም ይዘው ለመሥራት የሚጠይቁ ወገኖች በርክተዋል። የምግብ ቤቶችን ሒሳብ የምሠራ በመሆኔ ጥያቄው ወደ እኔ ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ግን ውሉ ከተፈረመ በኋላ ነው። ይህ በጣም ያሳዝነኛል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ከፊርማው በፊት እንዲነበብ የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የደመወዝና የግብር መጠን በየጊዜው ስለሚለወጥ እርስዎ በሚከፍቱበት ወቅት ያለውን ከሚመለከተው መሥሪያ ቤት ያረጋግጡ።

ኢትዮጵያዊ ሆኜ የሜክሲኮ ምግብ ብሸጥ ሰው ይቀበለኛል?

ይቀበልዎታል። በዚህ አካባቢ ከሚኖሩት የላቲን አሜሪካ ተወላጆች መካከል ከፍተኛውን ቁጥር የያዙት የኤል ሳልቫዶር ሰዎች ናቸው። የሜክሲኮ ምግብ ቤት የሚል ምልክት ከሰቀሉት ቤቶችም ብዙዎቹ የእነርሱ ናቸው። በምግብ ዝርዝሩ ላይ ከታኮው ጎን ፑፑሳ የሚባለውን የሳልቫዶር ቂጣ ካዩ የባለቤቱን አገር መገመት አያስቸግርም። የሜክሲኮ ምግብ ራሱም በስደተኞች እጅ ጭምር የበለጸገ ነው። በሜክሲኮ ሲቲ ጎዳናዎች በቁም እየተሽከረከረ የሚጠበሰው አል ፓስቶር የተባለ የአሳማ ሥጋ መነሻው ከሊባኖስና ከአካባቢው የሄዱ ስደተኞች ይዘውት የገቡት ሻዋርማ ነው። ታኮ ቤልንም በ1962 በካሊፎርኒያ ዳውኒ ከተማ የከፈተው ግሌን ቤል የሚባል አሜሪካዊ ነበር።

ደንበኛ የማይምረው ግዴለሽነትን ነው። የሜክሲኮ ባህላዊ የምግብ አሠራር ከ2010 ጀምሮ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ የሰፈረ ሙያ ነው። «ሥጋ በቂጣ ጠቅልሎ መሸጥ ምን ያቅታል?» ብሎ የሚነሳ ሰው በመጀመሪያው ወር ይጋለጣል። ምክሬ አጭር ነው፤ ቤቱን ከመክፈትዎ በፊት ጥሩ በሚባል የታኮ ቤት ተቀጥረው ለተወሰኑ ወራት ወጥ ቤት ውስጥ ይሥሩ። ክፍያው አነስተኛ ቢሆንም በዚያ የሚያዩትን ማንም መጽሐፍ አያሳይዎትም።

የራሴን ቤት ልክፈት ወይስ ፍራንቻይዝ ልግዛ?

ፍራንቻይዝ ማለት በሌላ ሰው ስም፣ አሠራርና የዕቃ አቅራቢ ለመጠቀም ለተወሰነ ዘመን የሚገቡት ውል ነው። ስሙ የእርስዎ አይሆንም፤ ዕዳው ግን የእርስዎ ነው። የሚያገኙት ጥቅም አለ፤ ደንበኛ ስሙን ያውቀዋል፣ ሥልጠና ይሰጥዎታል፣ የምግብ ዝርዝርና የዕቃ አቅርቦት ተዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል፣ ባንክም ከማይታወቅ ቤት ይልቅ ለታወቀ ስም ማበደር ይቀለዋል። በምግብ ቤት ሥራ ልምድ ለሌለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋጋው ደግሞ ይህ ነው። ከመግቢያ ክፍያው በተጨማሪ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ላይ ሮያሊቲ የሚባል የስም መጠቀሚያ ክፍያና የማስታወቂያ መዋጮ ይቆረጣል። ሰብዌይ ለረጅም ዓመታት የታወቀበት መጠን 8 በመቶ ሮያሊቲና 4.5 በመቶ ማስታወቂያ ነው። ማክዶናልድስ በአሜሪካ ለሚከፈቱ አዳዲስ ቤቶች ሮያሊቲውን ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ከ4 ወደ 5 በመቶ አሳድጓል፤ በዚያ ላይ አመልካቹ ያልተበደረው 500,000 ዶላር እንዲኖረው ይፈልጋል። ልብ ይበሉ፤ መቶኛው የሚቆረጠው ከጠቅላላ ሽያጩ ነው፤ ወሩን በኪሳራ ቢዘጉም ይከፍላሉ። የውሉ ዘመን ብዙ ጊዜ ረጅም ነው፤ በትልልቆቹ ዘንድ 20 ዓመት የተለመደ ነው።

ስለዚህ የእኔ አቋም እንዲህ ነው። ወጥ ቤት የሚያውቅ፣ ሰው ማስተዳደር የለመደና ትንሽ ቤት በመጠነኛ ገንዘብ ለመጀመር የሚችል ሰው የራሱን ስም ይዞ ቢነሳ ይሻለዋል። ካፒታል ያለው፣ መመሪያ መከተል የማይከብደውና ከአንድ በላይ ቤት ለመክፈት የሚያስብ ሰው ደግሞ ፍራንቻይዙን ቢያጠና ያዋጣዋል። አንድ ብቻ የፍራንቻይዝ ቤት ይዞ፣ ሥራ አስኪያጅ ቀጥሮ፣ ከሩቅ ሆኖ ትርፍ መጠበቅ ግን ሒሳቡ እምብዛም የማይገጥም ሐሳብ ነው።

ቺፖትሌን ፍራንቻይዝ ማድረግ እችላለሁ?

በአሜሪካ አይችሉም። ቺፖትሌ የተባለው የቡሪቶ ቤቶች ድርጅት በአሜሪካ ያሉትን ቤቶቹን ራሱ ነው የሚያስተዳድራቸው። በመካከለኛው ምሥራቅ በ2024 ሲገባ እንኳ የሠራው አልሻያ ከሚባለው ትልቅ የኩዌት ኩባንያ ጋር ነው፤ ለግለሰብ አልሸጠም። «የቺፖትሌ ፍራንቻይዝ እናስገኝልዎታለን» የሚል ደላላ ካጋጠመዎት ገንዘብዎን ይዘው ይሂዱ። ታኮ ቤል፣ ዴል ታኮ፣ ታኮ ጆንስ እና ሞስ ሳውዝዌስት ግሪል ፍራንቻይዝ ይሰጣሉ። ከእነዚህ ታኮ ቤል የሚመርጠው ብዙ ቤት የመክፈት አቅም ያላቸውን ነው።

የፍራንቻይዝ ሰነድ ከ200 ገጽ በላይ ነው። የትኛውን ላንብብ?

ሁሉንም ማንበብ ነበረብዎት፤ ግን በቅደም ተከተል እንጀምር። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ1979 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ደንብ መሠረት ሻጩ ኤፍዲዲ የሚባለውን የመረጃ ሰነድ ከመፈረምዎም ሆነ ገንዘብ ከመክፈልዎ ቢያንስ 14 ቀን አስቀድሞ ሊሰጥዎ ይገባል። ሰነዱ 23 ክፍሎች አሉት። «ዛሬ ካልፈረሙ ሌላ ሰው ይወስደዋል» የሚልዎ ሻጭ ሕጉ የሰጠዎትን ጊዜ እየቀማዎት ነው።

ከክፍል 20 ይጀምሩ። እዚያ ስንት ቤት እንደተከፈተ፣ ስንቱ እንደተዘጋ፣ ስንቱ እጅ እንደቀየረ በሦስት ዓመት ተዘርዝሯል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን በቅርቡ ከሥርዓቱ የወጡ ባለቤቶች ስም፣ ከተማና ስልክ ቁጥር መገኘቱ ነው። ይደውሉላቸው። እየሠሩ ያሉትን ብቻ አያነጋግሩ፤ የወጡት ናቸው እውነቱን ያለ ፍርሃት የሚናገሩት። «የመጀመሪያው ዓመት ሽያጭህ ስንት ነበር? ለራስህ ደመወዝ መክፈል የጀመርከው መቼ ነው? ለጥገና ስንት አወጣህ? ዛሬ ቢሆን ትፈርም ነበር?» ብለው ይጠይቁ። ስልክ መደወል የሚያሳፍራቸው ወገኖች አሉ፤ በዚህ አገር ግን ዝርዝሩ እዚያ የተቀመጠው እንዲደወልበት ነው።

ቀጥሎ ክፍል 7 ቤቱን ለመክፈት የሚያስፈልገውን ጠቅላላ ገንዘብ ከዝቅተኛ እስከ ከፍተኛ ያሳያል። ሁልጊዜ ከፍተኛውን ይያዙ። ክፍል 6 ሮያሊቲውን ጨምሮ ከመግቢያ ክፍያው ውጭ ያሉትን ክፍያዎች፣ ክፍል 8 ዕቃ ከማን ብቻ መግዛት እንደሚፈቀድልዎ፣ ክፍል 12 ከጎንዎ ሌላ ቤት እንዳይከፍቱብዎ ጥበቃ መኖር አለመኖሩን ይናገራሉ። ብዙ ሰው ክፍል 12ን ሳያነብ ፈርሞ፣ ቆይቶ ያው ስም በአቅራቢያው ሲከፈት ይደነግጣል። ክፍል 17 ውሉ እንዴት እንደሚታደስና እንደሚቋረጥ ነው። ክፍል 19 የሌሎች ቤቶችን ገቢ የሚያሳይ ሲሆን ድርጅቱ እንዲሞላው አይገደድም። ባዶ ከሆነና ሻጩ በቃል «በወር ይህን ያህል ታገኛለህ» ካለዎት ያንን ቃል እንደ ማስረጃ አይቁጠሩት።

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ፍራንቻይዝ ከመሸጡ በፊት በግዛቱ እንዲመዘገብ ከሚጠይቁት ግዛቶች መካከል ናቸው። ስለዚህ የሚሸጥልዎት ድርጅት በግዛትዎ መመዝገቡን ያጣሩ። መመዝገቡ ትርፋማነቱን ማንም አረጋገጠ ማለት ግን አይደለም።

ሒሳቡ በተግባር ምን ይመስላል?

አንድ ቤት በወር 60,000 ዶላር ይሸጣል እንበል። ሮያሊቲውና ማስታወቂያው አንድ ላይ 12.5 በመቶ ከሆኑ 7,500 ዶላር ወጣ። የምግብ ግዢ 30 በመቶ፣ ማለትም 18,000። ደመወዝ ከነግብሩ 30 በመቶ፣ ሌላ 18,000። የቤት ኪራይ 6,000። እስካሁን የወጣው 49,500 ነው፤ የቀረው 10,500። ከዚህ ላይ ለባንክ ካርድ ክፍያ 1,800፣ ለመብራት፣ ለጋዝና ለውኃ 2,500፣ ለመድን፣ ለቆሻሻ ማንሻ፣ ለጥገናና ለሒሳብ ሥራ 2,000፣ ለብድር 3,500 ያንሱ። የተረፈው 700 ዶላር ነው። እርስዎም ሆኑ ባለቤትዎ ያፈሰሳችሁት ጉልበት ገና አልተከፈለም።

ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው። ነገር ግን ከራስዎ ቁጥር ጋር ይህንኑ ዝርዝር ሠርተው፣ ሽያጩን በ20 በመቶ ዝቅ አድርገው እንደገና ያስሉት። ያኔም ቤቱ ከቆመ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይለፉ። በስልክ መተግበሪያ የሚታዘዝ ምግብ ደግሞ ከ15 እስከ 30 በመቶ ኮሚሽን ስለሚቆረጥበት ለብቻው ይሰላ፤ ብዙ ቤቶች ትዕዛዙ እየጎረፈላቸው ገንዘቡ የማይታያቸው በዚህ ምክንያት ነው።

አቮካዶንም አይርሱ። አሜሪካ ከምትጠቀመው አቮካዶ አብዛኛው የሚመጣው ከሜክሲኮ፣ በተለይም ከሚቾአካን ግዛት ነው። በየካቲት 2022 አንድ የአሜሪካ ተቆጣጣሪ ማስፈራሪያ ስለደረሰበት ግዢው ለቀናት ታግዶ ነበር። ጓካሞሌን፣ ማለትም የተፈጨውን አቮካዶ፣ «በነፃ ጨምሩበት» የሚል ቤት በእንዲህ ያለው ሳምንት ይጎዳል።

ገንዘቡን ከየት ላምጣ? እቁብ ይቆጠርልኛል?

የአነስተኛ ንግዶች አስተዳደር፣ በተለምዶ ኤስቢኤ የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ ራሱ አያበድርም። ባንኩ ለሚሰጠው ብድር ዋስ ይሆናል። 7ኤ የሚባለው ፕሮግራም እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል። አዲስ ንግድ የሚጀምር ሰው ከጠቅላላ ወጪው ቢያንስ 10 በመቶውን ከራሱ ማዋጣት ይጠበቅበታል። የባለቤቶቹን የመኖሪያ ሁኔታ የሚመለከተው መስፈርት ከ2025 ወዲህ በጣም ጠብቋል። በድርሻ የሚገባ አንድ ዘመድ መስፈርቱን ባለማሟላቱ ማመልከቻው በሙሉ ሊወድቅ ስለሚችል ይህን የመጀመሪያው ጥያቄዎ ያድርጉት።

የእቁብ ገንዘብ የራስዎ ገንዘብ ነው፤ ችግሩ ማስረጃው ነው። ባንክ 30,000 ዶላር ድንገት ሒሳብዎ ውስጥ ሲገባ ካየ ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። ስለዚህ እጣው ከመድረሱ በፊት ጀምሮ መዋጮዎን በቼክ ወይም በባንክ ዝውውር ይክፈሉ፣ የአባላቱንና የተራውን ዝርዝር ሰብሳቢው ፈርሞበት ይያዙ። ከወንድም ወይም ከእህት የሚሰጥ ገንዘብም ስጦታ ነው ወይስ ብድር ነው ወይስ ድርሻ ነው የሚለው በጽሑፍ ይቀመጥ። «በመካከላችን ወረቀት ምን ያደርጋል» ማለት የፍቅር ንግግር ቢመስልም ቤተሰብ ሲበተን ያየሁት በዚህ ነው።

የምኖረው ከአሜሪካ ውጭ ነው። ግሪን ካርድ ሳይኖረኝ መክፈት እችላለሁ?

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ኢትዮጵያና አሜሪካ በ1951 አዲስ አበባ ላይ የወዳጅነትና የኢኮኖሚ ግንኙነት ስምምነት ተፈራርመዋል። ስምምነቱ ከኦክቶበር 8 ቀን 1953 ጀምሮ የጸና በመሆኑ የኢትዮጵያ ዜጋ ኢ-2 ለሚባለው የባለሀብት ቪዛ ማመልከት ይችላል። የሚታየው ፓስፖርትዎ ነው፤ ዱባይ ወይም ሪያድ መኖርዎ ለውጥ አያመጣም። በእስራኤል ለሚኖሩ ወገኖቻችን ደግሞ የእስራኤል ዜግነት ከ2019 ጀምሮ ይህንኑ በር ከፍቶላቸዋል። ሆኖም ለየአገሩ ዜጎች ቪዛ አሰጣጥን የሚመለከቱ መመሪያዎች በየጊዜው ስለሚለወጡ ገንዘብ ከማንቀሳቀስዎ በፊት ወቅታዊውን ሁኔታ ከኤምባሲውና ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ያጣሩ።

መስፈርቱ እንዲህ ነው። ሕጉ ይህን ያህል ዶላር ብሎ አልወሰነም፤ መዋዕለ ንዋዩ ከሥራው ዓይነት አንጻር በቂ መሆን አለበት። ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ተቀምጦ መታየቱ አይበቃም፤ ለሥራው የዋለ ወይም ሊዋል የታሰረ መሆን አለበት። ቪዛው ከተፈቀደ ብቻ ለሻጩ እንዲለቀቅ በአደራ ሒሳብ ማስቀመጥ ይቻላል። ቤቱ የእርስዎን ቤተሰብ ብቻ የሚያበላ ሳይሆን ለሌሎችም ሥራ የሚፈጥር እንዲሆን ይጠበቃል። ድርሻው ቢያንስ 50 በመቶ በስምምነቱ አገር ዜጎች እጅ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አሜሪካ ያለው ወንድምዎ ኢትዮጵያዊ ፓስፖርት ቢይዝም ግሪን ካርድ ካለው የእርሱ ድርሻ ለዚህ አይቆጠርም። 60 በመቶውን ለእርሱ ሰጥተው ቢያመለክቱ ማመልከቻው ይወድቃል።

ከሁሉ የሚከብደው የገንዘቡ ምንጭ ነው። ከኢትዮጵያ የሚወጣ ዶላር በብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ደንብ ሥር ነው። በጥቁር ገበያ የተመነዘረ ወይም ከባንክ ውጭ በሚሠራ ሐዋላ የተላከ ገንዘብ የሕጋዊነት ማስረጃ ስለማይኖረው ጉዳዩን ያበላሻል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሠርተው በባንክ ያጠራቀሙ ሰዎች የደመወዝ ማስረጃና የባንክ መግለጫ ስላላቸው በዚህ በኩል የተሻለ አቋም አላቸው። የኢ-2 ባለቤት የትዳር ጓደኛ በአሜሪካ መሥራት ይፈቀድለታል፤ ቪዛው ግን በራሱ ወደ ግሪን ካርድ አያደርስም።

አሜሪካ ውስጥ በተማሪ ወይም ኤች-1ቢ በሚባለው የሠራተኛ ቪዛ ላሉት ደግሞ የአክሲዮን ባለቤት መሆንና ወጥ ቤት ገብቶ መሥራት የተለያዩ ናቸው። ድርሻ መያዝ ይቻላል፤ ሽንኩርት መክተፍና ገንዘብ መቀበል ግን ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራት ይሆናል።

ቦታ ስመርጥ ምን ልመልከት?

ከዚህ በፊት ምግብ ቤት የነበረ ቦታ ይፈልጉ። የልብስ ሱቅ የነበረን ቤት ወደ ወጥ ቤት ለመቀየር የጭስ ማውጫ ከነእሳት ማጥፊያው፣ የቅባት ማጣሪያ፣ የጋዝ መስመርና የወለል ፍሳሽ መትከል ያስፈልጋል፤ ይህ ብቻውን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይበላል። ቦታውን ሲጎበኙ ጣሪያ ላይ የሚወጣውን የጭስ ማውጫና የቅባት ማጣሪያውን መጠን የሚያውቅ ባለሙያ ይዘው ይሂዱ።

የኪራይ ውሉ ከፍራንቻይዙ ውል ባልተናነሰ ሊያስጨንቅዎት ይገባል። ትሪፕል ኔት የሚባለው ውል ከሆነ ከኪራዩ በላይ የሕንፃውን ግብር፣ መድንና የጋራ ቦታ ጥገና ይከፍላሉ፤ ስለዚህ ያለፉትን ዓመታት ክፍያ በጽሑፍ ይጠይቁ። ፈቃድ ከተከለከልኩ ውሉ ይፈርሳል የሚል አንቀጽ ያስገቡ። ኪራዩ የሚጀምረው ግንባታው ሲያልቅ እንዲሆን ይደራደሩ። ቤቱን ለሌላ ሰው የማስተላለፍ መብት እንዲኖርዎ ያድርጉ። የግል ዋስትና መጠየቅዎ አይቀርም፤ ለሙሉው ዘመን መሆኑን ትተው ለተወሰኑ ዓመታት ወይም ለተወሰነ ገንዘብ እንዲሆን ይከራከሩ። ኤልኤልሲ የሚባለውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት አቋቁመው የግል ዋስትና ከፈረሙ ኤልኤልሲው ለዚያ ዕዳ አይከላከልልዎትም።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ምንድን ነው?

ሁለት ነገር ልንገርዎ፤ ቶርቲያ የሚባለው ቂጣና ቦሎቄው።

የበቆሎ ቶርቲያ በወጉ ሲሠራ በቆሎው በኖራ ውኃ ይቀቀላል፣ አድሮ ይታጠባል፣ ከዚያም ይፈጫል። ኖራው ልጣጩን ያላቅቃል፣ ሊጡን ያያይዛል፣ በበቆሎው ውስጥ ያለውን የናያሲን ቫይታሚን ሰውነት እንዲጠቀምበት ያደርጋል። ይህን ሁሉ በየቀኑ መሥራት ለትንሽ ቤት ከባድ ስለሆነ በዚሁ መንገድ ተዘጋጅቶ የደረቀ ዱቄት ገዝቶ ማቡካት ይቻላል። ሊጡ በሁለት ፕላስቲክ መካከል ተጨፍልቆ ትኩስ ምጣድ ላይ ያርፋል። ጠርዙ ሲላቀቅ ይገለበጣል፤ ሁለተኛው ጎን ነጠብጣብ ሲያወጣ እንደገና ይገለበጣል፤ ሊጡ ውኃው ልክ ከሆነ በዚህ ጊዜ መሐሉ ይነፋል። ካልነፋ ደርቋል ወይም ምጣዱ አልጋለም። በጨርቅ ተጠቅልሎ ካልተቀመጠ ደግሞ ወዲያው ይደርቅና ሥጋው ላይ ይሰነጠቃል። እንጀራ ጋግሮ ያደገ ሰው ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል፤ ለሐበሻ ቤት ትልቁ ጥቅም ይህ ይመስለኛል።

ቦሎቄው የበለጠ ያስፈራኛል። ማታ የተቀቀለ ትልቅ ድስት ቦሎቄ ክዳኑ ተደፍቶ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢገባ መሐሉ እስከ ንጋት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ባክቴሪያም በዚያ ሙቀት ይራባል። የምግብ ደንቡ እንዲህ ይላል፦ ከ57 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 21 በሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ከ21 ወደ 5 ደግሞ በሚቀጥሉት አራት ሰዓታት ውስጥ መውረድ አለበት። የሚቻለውም ጠፍጣፋ ትሪ ላይ በስሱ ገልብጦ፣ በረዶ ላይ አስቀምጦ፣ እያማሰሉ በቴርሞሜትር ሲለኩት ነው። ሩዙም እንዲሁ ነው። እነዚህን ቁጥሮች በአማርኛም በስፓኒሽም ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። ትልቁ ቺፖትሌ እንኳ ከ2015 ጀምሮ ደንበኞቹን ባሳመሙ የምግብ ብክለቶች ምክንያት በ2020 የ25 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማምቷል። ትንሽ ቤት እንዲህ ያለውን ዜና አይቋቋምም። በምግብ ደኅንነት የምስክር ወረቀት ያለው ኃላፊ ማስቀመጥም የሕግ ግዴታ ነው፤ ያንን ወረቀት ራስዎ ይያዙ።

ሠራተኛ እንዴት ልቅጠር? ስንት ልክፈል?

ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ በዲሲ በጁላይ 2025 17.95 ዶላር ነበር፤ በሜሪላንድ 15 ዶላር ነው፤ በሜሪላንድ ውስጥ ያለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከግዛቱም ከፍ ያለ አለው። ቨርጂኒያ በ2025 12.41 ነበር። ቦታ ሲመርጡ ይህ ልዩነት በሒሳቡ ውስጥ ይግባ። ለእያንዳንዱ ተቀጣሪ አይ-9 የሚባለው የሥራ ፈቃድ ማረጋገጫ ቅጽ ሥራ በጀመረ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ መሞላት አለበት፤ ለዘመድም ጭምር። ጉርሻ የሠራተኛው ነው፤ ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ ከሠራተኞች ጉርሻ እንዳይካፈሉ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል።

ጥሩ የሜክሲኮ ወይም የሳልቫዶር ምግብ አብሳይ ካገኙ ጥሩ ይክፈሉት፣ ስሙንም ያክብሩ። እኛ በሰው አገር ስንሠራ እንዲደረግልን የምንመኘውን ማድረግ ነው። ጥቂት ስፓኒሽ ይማሩ።

ለጾመኛና ለሙስሊም ደንበኛ ይመቻል?

በጣም ይመቻል፤ ካሰቡበት። የበቆሎ ቶርቲያ፣ ቦሎቄ፣ ጓካሞሌ፣ ሳልሳ፣ የተጠበሰ እንጉዳይና ቁልቋል ከጾም ጋር የተስማሙ ናቸው። ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ በየቀኑ፣ ሐበሻው ምሳ የሚበላበት ቤት ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን በብዙ ቤቶች የተፈጨው ቦሎቄ በአሳማ ስብ ይጠበሳል፣ ሩዙ በዶሮ መረቅ ይበስላል፣ የስንዴ ቶርቲያውም አንዳንዴ ስብ አለበት። የጾም ብለው ከጻፉ በዘይት ብቻ ይሥሩ፣ መጥበሻውንም ይለዩ። ሐላል ብለው ከጻፉ ሥጋው ከነማስረጃው ሐላል ይሁን፣ ቾሪሶ የሚባለው ቋሊማና አል ፓስቶር በበሬ ወይም በዶሮ ይሠሩ። ሰው በእምነቱ አምኖ የበላውን ማታለል በደል ነው፤ ወሬውም በአንድ እሑድ ከተማውን ይዞራል።

ቴኪላና ማርጋሪታ መሸጥ አለብኝ?

ግዴታ አይደለም፤ ትርፉ ግን ከምግቡ ይበልጣል። በሞንትጎመሪ ካውንቲ መጠጥ የሚያከፋፍለው ካውንቲው ራሱ ስለሆነ ከእርሱ ይገዛሉ። በቨርጂኒያ ደግሞ እንደ ቴኪላ ያሉ ጠንካራ መጠጦች የሚመጡት ከግዛቱ የመጠጥ ባለሥልጣን ነው። ፈቃዱ ወራት ሊወስድ ስለሚችል የመክፈቻ በጀትዎን በመጠጥ ገቢ ላይ አይመሥርቱ።

የሰበሰብኩት የሽያጭ ግብር የእኔ ነው?

አይደለም። በዲሲ በምግብ ቤት ምግብ ላይ 10 በመቶ፣ በሜሪላንድ 6 በመቶ ከደንበኛው ይሰበስባሉ፤ ገንዘቡ የመንግሥት ነው። ለብቻው ሒሳብ ይክፈቱለትና በየቀኑ ያስቀምጡ። ጠባብ ወር ሲመጣ ከዚህ ገንዘብ ተበድሮ ደመወዝ የሚከፍል ሰው ዕዳው እስከ ግል ንብረቱ ይከተለዋል።

የቤቱን ስም እንዴት ልምረጥ?

ከመለጠፍዎ በፊት በፌዴራሉ የንግድ ምልክት መዝገብ ይፈልጉት። ታኮ ቱስደይ (የማክሰኞ ታኮ) የሚለውን አባባል እንኳ ታኮ ጆንስ ከ1989 ጀምሮ በንግድ ምልክትነት ይዞት ቆይቶ የለቀቀው በ2023 ነው፤ ያውም ታኮ ቤል ከተከራከረ በኋላ።

ሥራዬን መቼ ልልቀቅ? ቤቱንስ መቼ ልክፈት?

ከባልና ከሚስት አንዱ የጤና መድን ያለው ሥራ ይዞ ቢቆይ ቤቱ እፎይ ይላል። ለመክፈቻ ከሚያወጡት ውጭ የስድስት ወር ኪራይና ደመወዝ በባንክ ይኑርዎ፤ ግንባታና ፍተሻ ካሰቡት በላይ ይጓተታል። በአሜሪካ ለሜክሲኮ ምግብ ቤት ከሚሞቁት ቀናት አንዱ ሜይ 5፣ ሲንኮ ዴ ማዮ ነው፤ በ1862 የፑዌብላ ጦርነት ድል የሚታሰብበት ዕለት። በዚያ ሳምንት አይክፈቱ። ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት በትንሽ የምግብ ዝርዝር ጀምረው፣ ሠራተኛው እጁ ተፍታቶ፣ እርስዎም በምሳ ሰዓት በደቂቃ ስንት ሳህን እንደሚወጣ ለክተው ቀኑን ይጠብቁት።